ስለ ቸኮሌት የጻፍኸው አራተኛው ወረቀት

ኅዳር 17 ቀን። ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ከስድስት ቀን።

ውድ ሚዛን፣

በዚህ ስም ከጠራሁህ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ስሙን ያወጣሁልህ እኔ ስለሆንሁ መልሼ በእሱ የመጥራት መብቱም የእኔው ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ቀን በመድኃኒት ቤትህ ሻይ ስንጠጣ፣ ለራስህ የምትጨምረውን ስኳር የመድኃኒት ዱቄት በምትመዝንባት ትንሽ ሚዛን ላይ ስታስቀምጥ አየሁህና “አንተ ሰውዬ፣ የሚስትህንም ፍቅር በግራም ነው የምትቀበለው?” አልሁህ። ቀና እንኳ ሳትል “እሷ አትረፍርፋ ስለምትሰጠኝ አልመዝነውም” ብለህ አፌን አስያዝኸኝ። ነገሩን ወደ መጽሔታችን ዝግጅት ክፍል ሄጄ ተናገርሁት፤ በማግስቱ ከጸሐፊዋ እስከ ዘበኛው ድረስ ሚዛን ይሉህ ጀመር።

ይህን ፖስታ ስትከፍት የሚሞት ሰው ኑዛዜ የያዝህ እንዳይመስልህ። ደህና ነኝ። ለደም ግፊቴ ጠዋት ጠዋት አንዲት ኪኒን እውጣለሁ፤ ከሰፈሬ እስከ ድልድዩ ድረስ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ቁራጭ ጥቁር ቸኮሌት እበላለሁ። እዚህ ላይ ስትደርስ ግንባርህ ሲቋጠር ይታየኛል። ቸኮሌት የሚለውን ቃል በፊትህ ማንም እንደማያነሣ ልጅህ ነግራኛለች። ዛሬ ግን አነሣዋለሁ፤ የምነግርህ ነገር ያለ እሱ አይነገርምና።

ባለፈው ወር ለክትትል ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ያየችኝ ሐኪም መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ መነጽሯን የምትፈልግ ልጅ ናት።

“አባባ፣ ሲጋራ?” አለችኝ።

“ትቻለሁ።”

“ጨው?”

“ቀንሻለሁ።”

“ጣፋጭስ?”

“እሱን አልዋሽሽም። ቸኮሌት እወዳለሁ።”

“ወተት ያለውን ነው ጥቁሩን?”

“የተገኘውን።”

ሳቀች። “እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ጥቁሩን ብቻ ይያዙ። የካካዎው መጠን ከመቶ ሰባና ከዚያ በላይ የሆነውን፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ያገኙታል። በቀን ሁለት ትንንሽ ቁራጭ፤ ሙሉውን አይደለም! ስኳርዎ ደህና ስለሆነ ነው እንጂ አልፈቅድልዎትም ነበር። ደግሞ ኪኒኑን ትቼ በቸኮሌት ዳንኩ ብለው እንዳይመጡብኝ።”

ቃሏን አንድ በአንድ በከንፈሬ ደገምሁት።

“ምነው አባባ፣ ጨከንኩብዎት?”

“የለም ልጄ። ይህን የተናገርሽውን ከዚህ በፊት አንብቤዋለሁ።”

“የት ላይ?”

“የትም አልወጣም። ለአንባቢ ሳይደርስ የቀረ ነው።”

ረጅም ጊዜ ዐይን ዐይኔን አየችኝና ካርዴ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። የመርሳት ምርመራ እንዳዘዘችልኝ ያወቅሁት ከክፍሉ ከወጣሁ በኋላ ነው። አልፈረድሁባትም። ምርመራውንም አለፍሁ። እኔ የታመምሁት በመርሳት አይደለም፤ በደንብ በማስታወስ ነው።

እንግዲህ የማስታውሰውን ልንገርህ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን ወጥተህ፣ በአሮጌ የመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ላይ ለመጽሔታችን የጻፍኸውን ታቀብለኝ ነበር። በአንድ ወረቀት አንድ ሐሳብ፤ በቀኝ ማዕዘኑ ቁጥር። ስርዝ ድልዝ የለበትም። እኔ የስንቱን ታላቅ ጸሐፊ ነኝ ባይ ገጽ በቀይ ሳለብስ የኖርሁ ሰው፣ ያንተን ጽሑፍ ሳነብ ብዕሬን ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ እንደማንኛውም አንባቢ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋ አደርግ ነበር። ይህን በጊዜው አልነገርሁህም። አርታኢ ካመሰገነ ጸሐፊው ይበላሻል የሚል የሞኝ ትምህርት ተምሬ ነበር።

ስለ ቸኮሌት የጻፍኸው አራት ወረቀት ነበር። አራት።

በመጀመሪያው ወረቀት፣ ባሏ ከሕመም ያገገመላት አንዲት ሴት ወደ መድኃኒት ቤትህ መጥታ “ደስ የሚለው፣ ግን የማይጎዳው አንድ ነገር ስጠኝ” ያለችህን ጻፍህ። በሁለተኛው፣ በካካዎ ፍሬ ውስጥ የደም ሥርን ዘና የሚያደርጉ፣ የደም ዝውውርንም የሚያግዙ ነገሮች እንዳሉ፣ ግፊትንም በጥቂቱ ዝቅ ሊያደርጉ እንደሚችሉ ተመራማሪዎች የደረሱበትን አብራራህ፤ “ሊያደርጉ ይችላሉ” እንጂ “ያደርጋሉ” አላልህም፤ ጠንቃቃነትህ ከፊደሉ ይነበብ ነበር። ሦስተኛው ስለ ደስታ ነበር። ቸኮሌትን አኝኮ የሚውጥ ሰው እንዳልበላው ይቆጠራል፣ ምላስ ላይ አኑሮ እስኪቀልጥ የሚታገሥ ግን በትንሹ ይጠግባል፣ መንፈሱም ይነቃቃል ትላለህ። አራተኛው የልኩ ወረቀት ነበር። ምን ያህል፣ የትኛው፣ ለማን፣ ለማን ደግሞ አይሆንም።

ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ገጹ ተቀናጅቶ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል የማስታወቂያው ሰውዬ እያለከለከ ገባ። የፍራሽ ማስታወቂያ ይዟል። “ይቺ ካልወጣች እኔም አብሬያት ወደ ቤቴ ልውጣ” አለ። ቦታ የተገኘው ባንተ ገጽ ግርጌ ነበር። ገጽ ቀናጅዋ፣ ያቺ ሁልጊዜ ማስቲካ የምታኝከው፣ ስክሪኗ ላይ ቆጠረችና “አሥራ አንድ መስመር ትርፍ ነው” አለችኝ።

“ከጅራቱ ቁረጪ” አልኋት።

የቤታችን ሕግ እንደዚያ ነበርና። ቦታ ሲጠብ ከጅራት ይቆረጣል፤ ዋናው ነገር ሁልጊዜ ከራስ ነው ተብሎ ይታመናል። ሕጉ ለዜና የወጣ መሆኑን፣ ላንተ ዓይነቱ ግን እንደማይሠራ የማውቀው ከሁሉ አስቀድሜ እኔ ነበርሁ።

“ጋሼ፣ ጅራቱ እኮ ልኩን የሚናገረው ነው” አለችኝ።

“ቸኮሌት በልክ ብላ ለማለት ፋርማሲስት ያስፈልጋል? ሕፃን ያውቀዋል!”

“ኧረ ጋሼ፣ ሕፃንማ አያውቀውም።”

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። እየሳቅሁ አስቆረጥሁ። ይህም አልበቃኝ፤ አንተ “ስለ ጥቁር ቸኮሌት ጥቂት ቃል” ያልኸውን ርእስ ፍዝ ነው ብዬ “ቸኮሌት ለልብ መድኃኒት ነው!” አልሁት፤ ከነቃለ አጋኖው። ከቢሮዬ እስከ መድኃኒት ቤትህ ሦስት መንገድ ማቋረጥ ነው። ስልክም ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ያልደወልሁት “አይሆንም” እንደምትለኝ ስለማውቅ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን አንተም ታውቃለህ፤ ግን በእኔ በኩል የታየውን ስማ።

ጡረተኛው የሒሳብ መምህር፣ የስኳር መድኃኒቱን በየወሩ ካንተ የሚወስደው፣ መጽሔቱን አነበበ። ያንተን ጽሑፍ እንደ ማዘዣ የሚያምን ሰው ነው። ለዐሥራ ዘጠኝ ቀን በየቀኑ አንድ ሙሉ ቸኮሌት፣ ያውም ወተት ያለውን፣ በላ። በሃያኛው ቀን ራሱን ስቶ ሐኪም ቤት ገባ። ሚስቱ መጽሔቱን ጠቅልላ ይዛ መድኃኒት ቤትህ ስትደርስ እኔ ባንኮኒው አጠገብ ቆሜ ነበር። አልጮኸችም። መጽሔቱን ዘርግታ በጣቷ ርእሱን ነካችና “ይኸው፣ መድኃኒት ነው ብለሃል” አለች። አንተ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበብኸው፤ ግርጌው ላይ የተንጣለለውን ፍራሽ አየኸው፤ ከዚያም ምንም ሳትናገር ካፖርትህን ለብሰህ አብረሃት ወጣህ።

ሰውዬው ተረፈ። አምስት ቀን ተኝቶ ወጣ። አምስቱንም ቀን ሱቅህን ዘግተህ እግርጌው ተቀመጥህ።

በስድስተኛው ቀን በዝናብ በስብሰህ ቢሮዬ ገባህ። ቁጭ በል ብልህ አልተቀመጥህም።

“አራተኛው ወረቀትስ?” አልኸኝ።

“የምን አራተኛ?”

“ልኩ ያለበት።”

“የደረሰኝ ሦስት ነው” አልሁህ።

ሚዛን፣ ያንን ውሸት ያዘጋጀሁት አልነበረም። ዋና አርታኢ ከሆንሁ ገና ዐሥራ አንድ ሳምንቴ ነበር፤ ወንበሩን ሠላሳ ዓመት ጠብቄዋለሁ። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ከዚህ የከበረ ሌላ ምክንያት የለኝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ ቃሉ አመለጠኝና ካንተ ጋር ማዶና ማዶ ቆመን ቀረን። አንተም ወረቀቱ እዚያ ያለ ይመስል እጅህን ወደ ኮትህ ኪስ ሰደድህ። ባዶውን አወጣኸው። “እንግዲያው ባንኮኒው ላይ ትቼው መጥቼ ይሆናል” አልህ። የውሸቴን ግማሽ እኔ ተናገርሁ፣ ግማሹን አንተ ሞላህልኝ። እኔም እፎይ አልሁ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የማፍርበት ያን እፎይታ ነው።

ገጽ ቀናጅዋ ከመጋረጃው ወዲያ ማስቲካዋን ማኘክ ስታቆም ሰማኋት። በሦስተኛው ወር ሥራዋን ለቀቀች፤ ስትሰናበት ሁሉንም ጨበጠች፣ እኔን ግን አልጨበጠችኝም።

ከዚያ ወዲያ አንዲት መስመር አልጻፍህም። መንገደኛው “ዶክተር ቸኮሌት” እያለ ሲያሽሟጥጥህ፣ የሰፈር ሴቶች “ለጨጓራዬስ ከረሜላ ታዝልኛለህ?” ሲሉህ ትስቅላቸው ነበር፤ ያ እንዳልጎዳህ አውቃለሁ። የጎዳህ ሌላ ነው። አንዱን ማዘዣ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ማየት ጀመርህ። የቆጠርኸውን ኪኒን ደፍተህ እንደገና ትቆጥራለህ። ሰልፉ በር ድረስ ደርሶ ሰው ሲያጉረመርም ሰምቻለሁ። በዓመቱ መድኃኒት ቤቱን ሸጠህ ቤተሰብህን ይዘህ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ፣ ሻንጣህን ወደ ጣቢያው የተሸከምሁልህ እኔ ነኝ። “ለምን?” ብዬ ለወጉ ጠየቅሁህ። “እጄን አላምነውም” አልኸኝ። በዚያ እጅህ ላይ የነበረህን እምነት ያሳጣሁህ እኔ ነበርሁ፤ ቆሜም ያንኑ እጅህን ጨብጬ ተሰናበትሁህ።

ባለፈው ሳምንት ልጅህ ደወለችልኝ። የመጽሔቱ ሰዎች የቆዩ ጽሑፎችን ሰብስበው መጽሐፍ ሊያወጡ እንደሆነ፣ ያንተን የቸኮሌት ጽሑፍ እንደ መረጡ፣ አንተ ግን “የእኔ ጽሑፍ ሰው ሐኪም ቤት አስተኝቷል፤ አይነካ” ብለህ እንደ ከለከልህ ነገረችኝ።

“ጋሼ፣ እርስዎን ይሰማዎታል። እባክዎ አንድ ነገር ይበሉት።”

“ምን ልበለው?”

“ሰው ይረሳል፣ ይሳሳታል ይበሉት። አንድ ወረቀት ረስቶ ዕድሜ ልኩን ራሱን መቅጣት አለበት እንዴ? አሁን እኮ የቤቱን በር ቆልፎ ሦስት ጊዜ ይመለሳል። ቁልፉን እኔ እንድይዝለት ሰጥቶኛል።”

ስለ ረሳኸው ነገር ላጽናናህ እኔን ለመነችኝ። እኔን! ስልኩን በሁለት እጄ ያዝሁት።

“ልጄ፣ አባትሽ አልረሳም” አልኋት።

የሰው ትንፋሽ በስልክ ያን ያህል እንደሚሰማ አላውቅም ነበር።

“ወረቀቱ እርስዎ ጋ ነው?”

“እኔ ጋ ነው።”

“እንግዲያው ለእኔ አይንገሩኝ። ለእሱ ይጻፉለት” አለችና ዘጋችው። አርታኢ ሆኜ አርባ ዓመት ኖሬ እንደዚያ ያለ አጭርና የተስተካከለ አርትዖት አላየሁም።

ወረቀቱ ከጠረጴዛዬ መሳቢያ፣ የተቆረጡ ጽሑፎችን በማኖርበት አቃፊ ውስጥ ነበር። አንድም ቀን አልጣልሁትም። ለምን እንዳልጣልሁት ራሴን ስጠይቅ፣ ይህ ቀን እንደሚመጣ ማወቄ ነው የሚል መልስ አገኛለሁ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ዋናው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፎ አለ። ሰማያዊው ቀለም ትንሽ ደብዝዟል፤ ቁጥሩ ግን በቀኝ ማዕዘኑ ላይ ጎልቶ ይታያል፣ 4። ዐይንህ ደክሞ እንደሆነ ብዬ ቃል በቃል ገልብጬልሃለሁ፤

“የተናገርሁት ሁሉ የሚሠራው በልኩ ሲሆን ነው። ሲበዛ ማርም ይመራል። ጥቁሩን ምረጥ፤ ሌላው አብዛኛው ስኳርና ቅባት ነው። በቀን ሁለት ትንንሽ ቁራጭ ይበቃል፤ ሦስተኛው ለምላስ እንጂ ለልብ አይደለም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። እንቅልፍ የሚያስቸግረው ከመኝታው በፊት አይብላ። የታዘዘለትን መድኃኒት በቸኮሌት የሚተካ ሰው ቢኖር እኔን አላነበበኝም። ቸኮሌት ደስታ ነው፤ ደስታ ደግሞ ጤናን ያግዛል እንጂ ሕክምናን አይተካም።”

ይኸው ነው። ጽፈኸዋል። ቁጥር ሰጥተኸዋል። በእጅህ አምጥተህ በእጄ ሰጥተኸኛል። “የስኳር ሕመም ያለበት” የሚለውን መስመር እስክሪብቶህን ጫን አድርገህ እንደ ጻፍኸው ወረቀቱን ገልብጠህ በጣትህ ብትዳስሰው ታገኘዋለህ። ያኔ መምህሩን እያሰብህ ነበር፤ እርግጠኛ ነኝ።

መምህሩ ከዚያ በኋላ በሰባተኛው ዓመት በእርጅና እንዳረፈ ሰምተሃል። ትናንት ሚስቱን ሄጄ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኋት። ሹራብ እየሠራች ነበር፤ መርፌዋን እንኳ አላቆመችም።

“እኔማ ያኔም ነግሬው ነበር” አለች። “‘ሙሉውን ብላ የሚል የት አለ?’ ስለው፣ ‘አትብላ የሚልስ የት አለ?’ አለኝ። ሒሳብ አስተማሪ አይደል፣ ማን ይረታዋል!”

“የሚለው ነበረ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።”

“ገባኝ፣ ገባኝ። እና ይህን ለመናገር ሃያ ሦስት ዓመት ማማጥ ነበረብህ? ዝሆንም እኮ አርግዛ በሁለት ዓመቷ ትገላገላለች።”

በር ድረስ ሸኝታኝ ስትመለስ ግን ይህን አለች፣ እንዳለችው አደርስልሃለሁ፤ “ፋርማሲስቱን ተቀይሜው አላውቅም በለው። እግርጌው ተቀምጦ ሲያድር አይቼዋለሁ። ጥፋተኛ ሰው አበባ ይዞ ነው የሚመጣው፤ እሱ ግን የመጣው ወንበር ይዞ ነው።”

አሁን ያደረግሁትን ልንገርህ፤ ፈቃድህን አልጠየቅሁም፣ ይቅርታህንም አልጠየቅሁም። ለመጽሔቱ እርማት ልኬአለሁ። በሚቀጥለው እትም ያንተ ገጽ ይወጣበት በነበረው ቦታ ይወጣል፤ በእኔ ስምና ፊርማ። አራተኛውን ወረቀት የቆረጥሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ርእሱን የለወጥሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ስትጠይቀኝ የዋሸሁህም እኔ እንደሆንሁ ይላል። ወጣቱ አርታኢ “ጋሼ፣ ‘በዝግጅት ክፍሉ ስህተት’ ብንለው አይበቃም?” አለኝ። “የዝግጅት ክፍሉ ወንበርና ጠረጴዛ ነው፤ አይዋሽም” አልሁት። ይህ አንተ ብትፈቅድም ባትፈቅድም ይወጣል።

መጽሐፉ ግን ያንተ ነው። አዘጋጆቹ መልስህን ይጠብቃሉ። እኔ የማውቀውን በሙሉ እምነት እነግርሃለሁ፤ ጽሑፍህ ትክክል ነበር፣ ዛሬም ትክክል ነው። አንዲት የልጅ ልጅህ ልትሆን የምትችል ሐኪም አንተን ሳታነብብ ያንተኑ ቃል ነገረችኝ። አራቱም ወረቀቶች በተራቸው ቢነበቡ ማንንም አያስተኙም፤ ምናልባት አንዱን ሽማግሌ ከምሳ በኋላ በመስኮቱ አጠገብ አስቀምጠው፣ አንዲት መራራ ነገር ምላሱ ላይ ቀስ ብላ እስክትቀልጥ እንዲታገሥ ያደርጉታል። እኔ አሁን እንደዚያ ነኝ። በሦስተኛው ወረቀትህ እንዳልኸው አላኝክም።

ብትመጣ ቤቴን ታውቀዋለህ። ባትመጣ ምክንያቱን አውቀዋለሁ፣ አልቀየምህም። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግ፤ ቁልፍህን ከልጅህ ተቀበል። በርህን አንድ ጊዜ ቆልፍና ሂድ። ተቆልፏል።

ይህን ከጨረስሁ በኋላ እንደ ልማዴ ከመጀመሪያው አነበብሁት። “የደረሰኝ ሦስት ነው” የሚለው ዘንድ ስደርስ ቀዩ ብዕር በጣቴ መካከል ነበር፤ “በድንጋጤ” የሚል አንድ ቃል ብጨምርበት ትንሽ ይለዝባል አልሁ። እፎይታዬን የተናገርሁበትንም መስመር ባወጣው ገጹ ያምራል። ብዕሩን ከደንሁት። እንደ ወረደ፣ አንዲት መስመር ሳልነካ ከአራተኛው ወረቀትህ ጋር አሽጌ፣ ዛሬውኑ ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ራሴ ሄጄ እልከዋለሁ።

የበደለህ ወዳጅህ፣
የቀድሞው አርታኢህ